ከማጥመጃ ሱቁ ባንኮኒ ጀርባ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። ሚኒሶታ ውስጥ ሚል ላክስ በሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ከማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ የሚቆም ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዓሣው የት ነው ያለው?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒያፖሊስ ወይም ከሴንት ፖል ማለዳ ተነሥቶ የነዳ፣ ጀልባ የተከራየ፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ የሚጠብቁት ሰው ነው። አሁን አሁን የእኛም ሰዎች ይመጣሉ። ለሁሉም የምንሰጠው መልስ ያው ነው። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ዞር ብለን ጣታችንን አንድ ቦታ ላይ እናሳርፍና «ትናንት እዚህ ጋ ጥሩ ይዘው ነበር» እንላለን። ሰውየው አመስግኖ፣ አልቅትና ትል ገዝቶ ይሄዳል።

ውሸት አልነገርነውም፤ ትናንት እዚያ ዓሣ ተይዟል። ያልነገርነው፣ ያችኑ ቦታ ከእሱ በፊት ለገባው ሁሉ ማሳየታችንን ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እዚያ ሲደርስ የሚያየው ጀልባ በጀልባ ላይ ነው፤ ዓሣው ከሞተሩ ጫጫታ ሸሽቶ ሄዷል።

ለምን እንዲህ እናደርጋለን? በክፍያ ሰው ይዘው የሚወጡት ጋይዶች የሱቁ ቋሚ ደንበኞች ናቸው። ጋይዱ እንጀራው ያለው ቦታው ላይ ነው፤ እሱ ለፍቶ ያገኘውን ለመንገደኛ ብንሰጥ ነገ ከእኛ አይገዛም። ታዲያ ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ ቦታ የሚደብቅ ሰው ጥልቀት አይደብቅም። «የት?» ማለቱን ትታችሁ «በስንት ጫማ ጥልቀት ላይ ነው የሚይዙት? ድንጋይ ላይ ነው፣ ሣር ላይ ነው ወይስ ጭቃ ላይ? ጠዋት ነው ማታ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው ፊቱ ይለወጣል፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር እያወራ እንደሆነ ይገባዋል። ሦስቱን መልስ ከያዛችሁ፣ ያንኑ ጥልቀትና ያንኑ ወለል የያዘ፣ ጀልባ ያልተኮለኮለበት ሌላ ቦታ ካርታው ላይ ራሳችሁ ታገኛላችሁ።

ሌላም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ እያለ አትጠይቁ፤ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። ሱቅ ስትመጡ ደግሞ መጀመሪያ ግዙ፣ ከዚያ ጠይቁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ደግሞ የምትወደድ ናት፤ «በዚህ ሳምንት ቶሎ ቶሎ ያለቀባችሁ ምንድን ነው?» በሉ። ሰው ስለ ዓሣ ያጋንናል፣ ሽያጩ ግን አያጋንንም። አልቅት ካለቀ ዓሣው አልቅት እየበላ ነው።

አሁን ወደ ውኃው። ሚል ላክስ ስፋቱ 132,000 ኤከር፣ ማለትም 530 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዝዋይ ሐይቅ ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 42 ጫማ፣ 13 ሜትር አካባቢ ነው። መካከል ላይ ስትሆኑ ዳርቻው በቅጡ አይታይም። አዲስ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ ይከዳዋል። ልባችሁ አይክዳችሁ፤ ከዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ አብዛኛው ባዶ ነው። ዓሣ ሜዳ ላይ ተበትኖ አይኖርም፤ አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር የሚለወጥበት ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ድንጋዩ አልቆ አሸዋ የሚጀምርበት፣ ሣሩ የሚያበቃበት፣ ጥልቀቱ ድንገት የሚወርድበት ቦታ ማለት ነው። ጋይድ አዲስ ሐይቅ ላይ ሲደርስ የሚሠራው ሥራ ስረዛ ነው፤ ካርታውን ይዞ የማይረባውን ውኃ እያጠፋ ይሄዳል። የሚወረውረው በተረፈው ላይ ብቻ ነው። ከእናንተ የሚለየው በእጁ ቅልጥፍና ይመስላችኋል፤ ልዩነቱ ግን ከቤት ሳይወጣ የሠራው ስረዛ ነው።

ለዚህ የሚሆነው መሣሪያ በነጻ ይገኛል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ሌክፋይንደር የሚባል መፈለጊያ አለው። የሐይቁን ስም ስታስገቡ የጥልቀት ካርታው፣ ባለሙያዎቹ መረብ ጥለው የቆጠሩት የዓሣ ዓይነትና መጠን፣ ከመፈልፈያ የተጨመረ ጫጩት ካለም መቼና ስንት እንደሆነ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ቀጥሎ የሚያየው «ትልቅ ዓሣ አለ ወይ?» የሚለውን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው የውኃውን ጥራት ነው፤ ብርሃን ምን ያህል ወደ ታች እንደሚዘልቅ። በየትኛው ሰዓት መውጣት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ምክንያቱ የዎልአይ ዓይን ነው። ዎልአይ ከ1965 ጀምሮ (እዚህ ዓመቱም ወሩም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሚኒሶታ የግዛት ዓሣ ነው፤ የፐርች ወገን፣ ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ጥርሱ የሾለ። ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ ማታ የእጅ ባትሪ ስታበሩበት በመኪና መብራት ፊት እንደቆመ ጅብ ዓይኑ ይነድዳል። ይህ ዓይን ድንግዝግዝ ውስጥ አጥርቶ ያያል። የሚበላው ትንሹ ቢጫ ፐርች ግን በዚያ ሰዓት እንደ እሱ አያይም። ዎልአይ ይህን ብልጫውን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ውኃው ጥርት ባለበት ሐይቅ ላይ ቀን ቀን ጥልቅ ቦታ ወርዶ ይተኛል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ድንጋዩ ጠርዝ ይወጣል። ውኃው ሻይ በመሰለበት ሐይቅ ላይ ደግሞ እኩለ ቀን ላይም ይበላል። ይህን ሳያዩ ጥርት ያለ ሐይቅ ላይ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዎልአይ የሚያሳድዱ ሰዎች የሚያገኙት ፀሐይ ብቻ ነው።

ለዚህም ነው የድሮ አጥማጅ የሚሰጠውን ምክር በጥንቃቄ መስማት ያለባችሁ። ሚል ላክስ ውስጥ ዜብራ መስል የሚባለው ወራሪ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በ2005 ተገኘ። ውኃውን እያጣራ ነው የሚመገበው፤ ከበዛ በኋላ ሐይቁ ከድሮው በጣም ጠራ። ብርሃን ወደ ታች ዘለቀ፣ ሣሩ ወደ ጥልቁ ገፋ፣ ዎልአይም ልማዱን ለወጠ። በ1990ዎቹ እውነት የነበረው «እዚህ ጋ ቆማችሁ ቀን በቀን ያዙ» የሚለው ምክር ዛሬ ቅንነት እንጂ መረጃ የለውም።

እንግዲህ የቀኑን አከፋፈል ልንገራችሁ። አዲስ ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ ቀኑን ለባስ፣ ምሽቱን ለዎልአይ ስጡ። ባስ በዓይኑ የሚያድን፣ በቀን የሚበላ፣ ቁጡ ዓሣ ነው፤ ለጀማሪ ይቅር ይላል። ሁለት ዓይነት ነው። ስሞልማውዝ የሚባለው ነሐስማ ቀለም ያለው፣ ድንጋይና ጠጠር የሚወድ ነው። ላርጅማውዝ የሚባለው አረንጓዴ፣ አፉ እስከ ዓይኑ ኋላ የሚሰነጠቅ፣ ሣርና ጥላ የሚወድ ነው።

ሚል ላክስ የስሞልማውዝ አገር ነው። የአገሬው ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ልቡ ዎልአይ ላይ ስለነበር ባስን ብዙም አይቆጥረውም ነበር። በ2016 ትልቁ የባስማስተር የዓመቱ አጥማጅ ውድድር እዚህ ሲካሄድ፣ በ2017 ደግሞ ባስማስተር መጽሔት ሐይቁን የአገሪቱ ቁጥር አንድ የባስ ሐይቅ ብሎ ሲሰይመው፣ የጀልባ ማውረጃው ከሩቅ ግዛት በመጡ መኪኖች ተሞላ። ድንጋያማ ዳርቻ ፈልጉ፤ ውኃው ከአራት እስከ አሥር ጫማ ሆኖ ትልልቅ ቋጥኝ የሚታይበት። ፖላራይዝድ (የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር አድርጉ፤ ይህን ሳታደርጉ ወደ ሐይቅ መውጣት ግማሹን ዓሣ መተው ነው። ጠቆር ብሎ የሚታየው ቋጥኝ አጠገብ ቀላል የጎማ ማባበያ ጣሉ፣ ወለሉን እስኪነካ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ጎተት አድርጉ። ስሞልማውዝ ብዙ ጊዜ የሚጎርሰው እየወረደ ሳለ ነው፤ ክሩ በድንገት ከረገበ ወይም ወደ ጎን ከሄደ ማባበያው ዓሣው አፍ ውስጥ ነው።

ላርጅማውዝ የፈለጋችሁ እስከ ሚል ላክስ መንዳት የለባችሁም። ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ ያለው ሚኒቶንካ ሐይቅ በላርጅማውዝ የታወቀ ነው፤ ባሕረ ሰላጤው ብዙ፣ ሣሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዳርቻው ሁሉ የግል ዶክ የተሰደረበት። ከዶኮቹ መካከል የትኛውን? ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ለብቻው የቆመውን፣ ጫፉ ወደ ጥልቅ ውኃ የሚደርሰውን፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሣር ያለውን ምረጡ። የጎማ ትል ጫፉ በተሸሸገ መንጠቆ ላይ ሰክታችሁ ወደ ጥላው ውስጥ አስገቡ። መስከረም ላይ ደግሞ የሣሩን ቀለም ልብ በሉ። ቡናማ እየሆነ የሞተው ሣር ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ዓሣውም ይለቀዋል፤ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ትንሽ ቁራጭ ሣር ግን የሠፈሩን ባስ ሁሉ ሰብስቦ ይዞ ይቆያል።

አንድ ልመና፦ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ውኃው 15 ወይም 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ ስሞልማውዙ ጠጠር ላይ ክብ ጎጆ ይጠርጋል። ጎጆውን የሚጠብቀው ወንዱ ነው፤ ቦታውን ስለማይለቅ ለመያዝ በጣም ቀላል ነው። እሱን ይዛችሁ ስታነሡት እንቁላሉን የሚበሉ ትንንሽ ዓሦች ጊዜ አያባክኑም። ከያዛችሁት እዚያው ወዲያው ልቀቁት፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፤ ሱቁ ውስጥ ከተሰቀለው አብዛኛው የሚያጠምደው እናንተን ነው። ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ስፒኒንግ ዘንግ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ፓውንድ የሚችል ክር፣ ከሦስት ግራም ተኩል እስከ ሰባት ግራም ክብደት ያላቸው ጥቂት ጂጎች (ራሳቸው ላይ እርሳስ ያለባቸው መንጠቆዎች)፣ ተንሸራታች ተንሳፋፊ፣ ለባሱ የጎማ ትል። ይበቃል። የጂግ ምርጫ ሕጉ አንድ ነው፦ ወለሉን መንካቱ እስከተሰማችሁ ድረስ ቀላሉን ያዙ።

ዎልአይ ግን የሚፈልገው ዕቃ ሳይሆን የወቅት ዕውቀት ነው። እንቁላሉን የሚጥለው በረዶው እንደቀለጠ፣ ውኃው ገና ከ6 እስከ 9 ዲግሪ ሳለ፣ ጠጠርና ድንጋይ ላይ ነው። የዎልአይ ወቅት የሚከፈተው ግንቦት አጋማሽ ላይ በዋለ ቅዳሜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓሣው ከመራቢያው ገና ብዙ አልራቀም። ስለዚህ መክፈቻው ሰሞን ጥልቁን ተዉት፤ ጠጠራማ ዳርቻና የጅረት አፍ አጠገብ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ጫማ ላይ፣ ጂግ ላይ ትንሽ ዓሣ ሰክታችሁ ሥሩ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሚል ላክስ ውስጥ የሚደረገው ሌላ ነው። ከሐይቁ መካከል ወደ ሰሜን ከዙሪያቸው ከፍ ያሉ፣ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ ሰፋፊ የጭቃ ሜዳዎች በውኃው ውስጥ አሉ። ከጭቃው ውስጥ የሚፈለፈሉት ነፍሳት ሲነሡ ትንንሹ ዓሣ ይከተላቸዋል፤ ዎልአይ ደግሞ ትንንሹን። እዚያ አልቅት በረጅም ክር ላይ ሰክታችሁ፣ እርሳሱ ወለሉን እየዳሰሰ፣ የሜዳውን ጠርዝ በዝግታ ትከተላላችሁ።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚቸኩልበት ነገር አለ። ዎልአይ ማባበያውን ሲያነሣ እንደ ባስ አይመታም፤ ክሩ ከበድ ይላል፣ እርጥብ ጨርቅ የያዛችሁ ይመስላችኋል። ቶክ ቶክ የሚያደርገው ፐርች ነው። ክብደቱ ሲሰማችሁ ወዲያው አትንጠቁት፤ ጥቂት ክር ልቀቁለት፣ ዞሮ ይሂድ፣ ከዚያ ክሩን ሰብስባችሁ ስታጠብቁ በዝግታ አንሡ።

ነፋስ ሲነሣ ሰው ወደ ጸጥታው ዳርቻ ይሄዳል። ጋይዶቹ በተቃራኒው ነፋሱ ወደሚገፋበት ዳርቻ ነው የሚሄዱት። ማዕበሉ ብርሃኑን ይሰባብረዋል፣ ደለሉን ያነሣል፣ ትንንሹን ዓሣ ግራ ያጋባል፤ ዎልአይ በቀን ቀን ጥልቀት ወደሌለው ውኃ የሚመጣበት ጊዜ ይህ ነው። መጠኑን ግን እወቁ። ሚል ላክስ ጥልቀት የሌለው ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ ማዕበሉ ቶሎ ያድጋል፣ እርስ በርሱም ተቀራርቦ ይመታል። የተከራያችሁት ጀልባ ትንሽ ከሆነ ከዳርቻው አትራቁ፤ የሕይወት ጃኬቱም መቀመጫ ሥር ሳይሆን ሰውነታችሁ ላይ ይሁን።

ከጋይዶች ዘንድ የሰማሁትን ጥቂት ልጨምር። በፎቶው ላይ ዓሣ ይዞ የሚስቀውን ሰው ጀርባ ተመልከቱ፤ ሰማይና ውኃ ብቻ ነው። ዛፍ ወይም ቤት ቢታይ ቦታው ይታወቃልና ሆን ብለው ጀልባውን ያዞሩታል። ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ በፊት ሲለማመዱ የመንጠቆውን ጫፍ የሚቆርጡ አሉ፤ ዓሣው መኖሩን በመጎተቱ ያውቃሉ፣ ሳያቆስሉት ይተዉታል። ሌላው ደግሞ ከዓሣው ጠባይ የመጣ ነው፦ ዎልአይ በመንጋ የሚሄደው ከመሰሉ ጋር ነው። ትንንሽ ብቻ እየያዛችሁ ከሆነ ትልቁ መካከላቸው የለም፤ «ይመጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ተነሡ። እንዲያውም አዲስ ሐይቅ ላይ አንድ ቦታ ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቆም ትዕግሥት አይባልም። ማምሻውን ግን ይህ ይገለበጣል። የመረጣችሁት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ቀድማችሁ መልሕቅ ጣሉ፣ አልቅቱን ከተንሳፋፊው ሥር ከወለሉ አንድ ጫማ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ሞተር አጥፉ፣ ጠብቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የዓመቱን ሕግ አንብቡ፤ ሚል ላክስ ላይ የሌሊት ማጥመድ የተከለከለባቸው ዓመታት ነበሩ።

ስለ ሕግ ካነሣን፣ እዚህ ሐይቅ ዳር የምትሰሙት ሐሜት አለ። የዎልአይ ቁጥር ወርዶ በነሐሴ 2015 ወቅቱ ሳያልቅ ማጥመድ ተዘጋ፤ ከዚያም ለጥቂት ዓመታት በበጋ የተያዘው ሁሉ ወደ ውኃው ይመለስ ነበር። ብዙ ሰው ጥፋቱን የአገሩ ነባር ሕዝብ በሆኑት በኦጂብዌዎች መረብ ላይ ይጭናል። የኦጂብዌዎቹ የማጥመድ መብት በ1837 ከተፈረመው ውል የመጣ ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1999 አጽድቆታል፤ የሚያዘውም መጠን ከግዛቱ ጋር በኮታ ይከፋፈላል። ባለሙያዎቹ ያዩት ዋናው ችግር፣ ጫጩቱ በደንብ እየተፈለፈለ ለአቅመ መራባት የሚደርሰው ጥቂት መሆኑ ነበር። ሐሜቱን ባንኮኒው ላይ ስትሰሙ አትጨምሩበት።

ከሐይቁ ስትወጡ የጀልባውን ውኃ ማፍሰሻ ቡሽ ንቀሉ፣ የተጣበቀውን ሣር አራግፉ፣ የተረፈውን ማባበያ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ እንጂ ሐይቁ ውስጥ አትድፉ። እነዚህን አለማድረግ በሕግ ያስቀጣል። ዜብራ መስሉ ከሐይቅ ሐይቅ የሚዛመተው በሰው ጀልባ ነው።

ቀሪው የምጣድ ጉዳይ ነው። የዎልአይ ሥጋ ነጭ፣ ጠንከር ያለ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚወጣ ነው፤ ለጉላሽም ለዱለትም ይሆናል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ። እኔ የምለው ስለ መጠኑ ነው። ከ20 ኢንች፣ ማለትም ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዎልአይ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል የምትጥል ሴት ናት፤ በግዛቱ ጠቅላላ ሕግም ከዚህ በላይ የሆነ ከአንድ በላይ መያዝ አይፈቀድም። ሜርኩሪውም በትልቁ ሥጋ ውስጥ ይበዛል፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን የማይመከረው ለዚህ ነው። ጣዕሙ ደግሞ የ15 ኢንቹ ይበልጣል። ሕጉ የፈቀደላችሁን ትንሹን ጥበሱ፤ ትልቋን ፎቶ አንሥታችሁ መልሷት።